ወረቀቱን ሳትቀጂ ላኪልኝ

ቂርያት ጋት፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለብዙዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ጎሹስ እንዴት ነው? ሳሉ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከወገቤ በቀር ደኅና ነኝ። መልስ ስላዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በበዓላቱ መሐል ነበር፤ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ወገቤ ተነሣብኝ፤ ወገቤ ሲተወኝ ደግሞ... ምክንያት መደርደር እንደማያቅተኝ ታውቂዋለሽ። እናንተ ዘንድ ስልኩ መቆራረጥ ከጀመረ ወዲህ እንደ ድሮው በወረቀት መገናኘታችን ለኔ በጀኝ። በስልክ ማልቀስ እንጂ መናገር አይሆንልኝም።

ቀኑን በምን እንደምገፋው ለጠየቅሽኝ፣ ፋብሪካውን ትቼዋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ቆሜ ካርቶን ሳሽግ ኖሬ፣ ሐኪሙ «በቃሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ልጄ ሲቫን ከባሏ ጋር ካርሜ ጋት ገብታለች። አዲስ ሠፈር ነው፣ ሁሉም ፎቅ። የሷ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስለሆነ በሊፍት ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል። «እማ፣ ቤት ቁጭ ብለሽ ግድግዳ ከምታዪ» አለችና የሠፈሩ ሰው በሚሰባሰብበት ማትናስ የስፌት ትምህርት አስመዘገበችኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እሄዳለሁ።

አሁን ሳቂብኝ። የምንማረው ድሪቶ መስፋት ነው።

ሙች ስልሽ! ደኅና ጨርቅ ከሱቅ ይገዛል፤ ይታጠባል፤ ይተኮሳል፤ ከዚያ በመቀስ ተቆራርጦ እንደገና ይሰፋና የአልጋ ልብስ ይሆናል። ስሚካት ትላይም ይሉታል። የመጀመሪያ ቀን አላስችል ብሎኝ «ይህ እኮ እኛ አገር የደኻ ልብስ ነው» አልኳት አስተማሪዋን። ሜይታል ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት። «እኛም አገር የደኻ ነበር፤ አሁን ሀብታም ወሰደው» አለችኝ።

እሱስ ይሁን። ያቃተኝ አገጣጠሙ ነው። በወረቀት ላይ ነው የሚሰፋው። በስስ ወረቀት ላይ ሥዕሉን ታሠምሪና ለየቁራጩ ቁጥር ትሰጪዋለሽ። ጨርቁ ከወረቀቱ ሥር ይሆናል። አንቺ ከላይ መስመሩን እያየሽ በመኪናው ትሰፊያለሽ፤ ጨርቁ የት እንደደረሰ ግን አይታይሽም። ከዚያ ጨርቁን ትገለብጪና ትተኩሺዋለሽ፤ ትርፉን ትከረክሚዋለሽ፤ ወደ ሁለተኛው ቁጥር ታልፊያለሽ። ሁሉም ሲያልቅ ወረቀቱ በስፌቱ ላይ ይቀደድና ይጣላል። ሌሎቹ ሴቶች በአንድ ቀን ገባቸው። እኔ አምስት ማክሰኞ ሙሉ ስፈታ ነው የዋልኩት። ቁራጩ ያጥረኛል፤ ካላጠረኝ ደግሞ ይገለበጥብኛል።

እያንዳንዳችን የመረጥነውን ሥዕል አሥራ ሁለት ጊዜ ሰፍተን እንድናያይዘው ታዘናል። እኔ አዘዞ ያለውን የእናታችንን ቤት፣ አሁን አንቺ ያለሽበትን፣ መረጥኩ። የአልጋ ልብሱ ላንቺ ነው። ድሪቶ ላከችልኝ ብለሽ እንዳትከፊ።

ወደ እስራኤል ለመግባት ስላስገባሽው ፋይል ደግመሽ ለጠየቅሽኝ፣ ከነገርኩሽ የተለየ አዲስ ነገር የለም። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቃሌን ስሰጥ ጸሐፊው ስምሽን ዘሎታል። በኔ ቤተሰብ ዝርዝር ላይ ስለሌለሽ እህቴ ነሽ ብለው አይቀበሉሽም። ወገቤ ሻል ሲለኝ እዚህ ካለው ቢሮ ሄጄ እጠይቅልሻለሁ።

ጎሹን ሳሚልኝ።

እህትሽ ጌጥነሽ

—

ጎንደር፣ አዘዞ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ጌጥነሽ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ደብዳቤሽን ለጎሹ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «ባሕር ተሻግራ ድሪቶ ልትማር?» ብሎ ሳቀና ሳሉ ተነሣበት። ከመስከረም ወዲህ ከአልጋው ብዙም አይወርድም። ሲስቅ ሳየው ግን ደስ አለኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ድሪቶስ መች ጠፍቶን! እናታችን ከአባባ አሮጌ ሱሪና ከስንዴ ጆንያ የሰፋችውን ረሳሽው? ሁለታችንም ከሱ ሥር ነበር የምንተኛው። አንቺ እንቅልፍ ሲወስድሽ ጫፉን ወደ ራስሽ ትስቢዋለሽ፤ እኔ ጠዋት የምነሣው ትከሻዬ በርዶት ነው። «እትዬ፣ ሳብሽው» ስልሽ «እኔ? ተኝቼ!» ትይ ነበር። መቼም ተኝተሽ ያደረግሽው ኃጢአት የለውም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የዚህ ስፌት ነገር ለኔ ወዲያው ነው የገባኝ። ግራኝ አይደለሁ? እናታችን ቀኝ እጄን እንዳስለምድ ግራዬን በነጠላ ጫፍ አስራ ስታስቀምጠኝ፣ የሰውን ሥራ ሁሉ በልቤ እየገለበጥኩ ነው ስፌት የተማርኩት። ያንቺ ችግር ይህ ነው፦ የምትሰፊው ከጀርባው ሆነሽ ነው። ግራሽ ሲገለበጥ ቀኝ ይሆናል። ቤቱን ፊት ለፊት እንደምታስታውሺው ሥለሽው ከሆነ፣ ማድ ቤቱ በዋንዛው በኩል ዋንዛው በማድ ቤቱ በኩል ሆኖ ይወጣብሻል። መላው ቀላል ነው። ስትሥዪው ከቤቱ ኋላ የቆምሽ አስመስለሽ ሣዪው። አንቺ ግን እዚያ ቆመሽ ታውቂያለሽ? ከኋላ እንጨቱ ነበር፤ እንጨት ደግሞ የኔ ሥራ ነበር።

የቁራጩ ማጠርስ የስስት ነው። በአንድ ጣት ያህል አትርፈሽ ቁረጪ። ገበያ ውስጥ በእግር መኪናዬ ሃያ ዓመት ዩኒፎርም ስሰፋ ያወቅሁት ቢኖር፣ ጨርቅ ሲሳሱለት ነው የሚበላሸው።

አንዱን ሰፍተሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ሳትቀጂ ላኪልኝ። እኔ ራሴ ቀድጄ አሠራሩን ልየው። የሚያሰፋ ሰው አላጣም፤ ምናልባት እንጀራ ይሆነኛል።

ስለ ፋይሉ በደብዳቤ የምጠይቅሽ የለም። ስልኩ በተከፈተ ቀን እደውልልሻለሁ።

ታናሽሽ ብዙዬ

—

ቂርያት ጋት፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለብዙዬ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ጎሹ እንዴት ነው? መቼም ጥር ሲገባ ፀሐዩ ያሽረዋል።

ባለፈው ሳምንት ስለተቋረጠው ስልክ እንዳትቀየሚ። መስመሩ ነው። ድምፅሽ እንደ ውኃ ይርቅ ይቀርብ ነበር። የጠየቅሽኝንም በወጉ አልሰማሁትም፤ የሰማሁትም ቢሆን እንዲህ በጥድፊያ የሚመለስ አይደለም። ጉዞ በምትጠባበቁበት ግቢ ያሉት ሰዎች «ጸሐፊ የተነገረውን ይጽፋል እንጂ ሰው አይዘልም» ካሉሽ፣ እነሱ የዛን ቀን እዚያ አልነበሩም። መልሼ ስደውል አልነሣ አለኝ።

ይልቅ የምሥራች። አንድ ቤት ጨረስኩ! ከነወረቀቱ ልኬልሻለሁ። የሠፈራችን ሰው አቶ ይኄይስ እናታቸውን ሊጠይቁ ወደ ጎንደር ስለሚመጡ በሳቸው እጅ ይደርስሻል። ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሻንጣቸው ውስጥ እንዴት እንዳስቀመጡት ብታዪ ንግሥት የሚጭኑ ይመስልሻል።

አትሳቂ እንጂ፣ ማድ ቤቱ ያልሽው ቦታ ሄዷል። ምክርሽ ሳይደርሰኝ አስምሬው ነበር። ሜይታል «ያምራል፣ ማን ያውቅብሻል?» አለችኝ። እኔ አውቃለሁ፣ እህቴም ታውቃለች አልኳት። ከቤቱ ኋላ ቆሜ ልሣለው ብዬም ሞክሬ ነበር፤ እውነትሽን ነው፣ ከኋላው ምን እንዳለ ጠፋኝ። የእንጨቱ ክምር እስከ መስኮቱ ይደርስ ነበር ወይስ ከዚያ በታች? ከኋላ መስኮትስ ነበረው? ጻፊልኝ።

ሜይታል የሰጠችን ወረቀት ስላለቀብኝ ከቤት ስስ ወረቀት ፈልጌ ተጠቀምኩ። ባሌ ሰጠው፣ ነፍሱን ይማርና፣ የመጣን ሰሞን የገዛልኝ የደብዳቤ ወረቀት በብስኩት ጣሳ ውስጥ ነበር። ለመርፌው እንዴት እንደሚመች! ስትቀጂው ቀስ ብለሽ፣ ስፌቱን በአውራ ጣትሽ ይዘሽ።

እስካሁን ቢሮ አልሄድኩም። ዝናብ ነው።

እህትሽ ጌጥነሽ

—

አዘዞ፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጌጥነሽ፣

ቤቱ ደረሰኝ። እንዳልሽው ስፌቱን በአውራ ጣቴ ይዤ ወረቀቱን ቀደድኩት። መስመሩን ያሠመርሽበት ገጽ ንጹሕ ነው። ጨርቁን የነካው ገጽ ግን ተጽፎበታል። ያንቺ እጅ ጽሑፍ ነው።

ከጣራው ሥር የወጣው እንዲህ ይላል፦ «ለውድ እህቴ ለብዙዬ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምረው አራተኛዬ ነው»። ከግድግዳው ሥር፦ «ጸሐፊው ምንም አልዘለለም»። ማድ ቤቱ ላይ መርፌው በስቶታል፤ የሚነበበው «የሰጠው እናት» የሚለው ብቻ ነው። ከበሩ ሥር ግን አንድም ፊደል አልጠፋም። «እህት የለኝም አልኩት» ይላል።

ቁርጥራጩን ጠረጴዛ ላይ ገጣጥሜ አየሁት። የቀረውን አንቺ ጻፊልኝ።

ብዙዬ

—

ቂርያት ጋት፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብዙዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። እንዴት ነሽ ብዬ የምጠይቅበት አፍ የለኝም።

አሥራ ሰባት ዓመት እየጻፍኩ ያልላክኋቸው ደብዳቤዎች በዚያ ጣሳ ውስጥ ናቸው። ወረቀቱን ሳወጣ ያየሁት ንጹሑን ገጽ ነው። ገልብጬ አየሁት ወይስ አላየሁትም ብለሽ ብትጠይቂኝ አላውቅም። አላየሁም ብልሽ ዳግመኛ መዋሸት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ብቻ አቶ ይኄይስ ሻንጣቸውን ሲዘጉ «መልሱልኝ» ማለት እየቻልኩ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

እንግዲህ ስሚኝ። ቃሌን ከመስጠቴ በፊት በነበረው ሳምንት የባሌ የሰጠው እናት ጠርተውኝ «ክርስቲያን ያገባች እህት አለችኝ ካልሽ ፋይላችን ይጓተታል፤ ልጅሽ እዚሁ ትቀራለች» አሉኝ። እውነት ይሁን አይሁን ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ እችል ነበር። ሲቫን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ቻይና ጫማዋን አድርጋ «መቼ ነው የምንሄደው?» ትለኝ ነበር። ፈራሁ።

ጸሐፊው ልጅ እግር ነበር። ብዕሩ አልጽፍ ብሎት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይሞክረዋል። «ወንድም?» አለኝ። «አንድ ነበረኝ፤ ሞቷል» አልኩት። «እህት?» ብዕሩ ላይ አፈጠጥኩ። ቀና ብሎ አየኝና እንደገና ጠየቀኝ። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀኝ ብዙዬ፤ አንድ ጊዜ ቢሆን አምልጦኝ ነው እል ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ቀሚሴን የተኮስሽልኝ አንቺ ነሽ። አንገቱ ላይ የወለቀውን ቁልፍ በጥርስሽ ክሩን በጥሰሽ የተከልሽልኝ አንቺ ነሽ። ያንቺን ቁልፍ አንገቴ ላይ ይዤ «እህት የለኝም» አልኩት።

ከዚያ በኋላ እዚህ ከደረስን አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር። ደረስን። ቋንቋውን ስለምድ አልኩ፤ ሲቫን ሠራዊት ስትገባ አልኩ፤ ስትወጣ አልኩ። አንቺ «ለምን ስሜ የለም?» ብለሽ ስትጽፊልኝ ጸሐፊው ዘሎሻል ብዬ መለስኩ። ያ ውሸት ከመጀመሪያው ይብሳል። የመጀመሪያውን በፍርሃት ዋሸሁ፤ ሁለተኛውን ግን ሻይዬን እየጠጣሁ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ነው የዋሸሁት።

ስልኩንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። መስመሩ ደኅና ነበር።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ልልሽ ያልኩትን ግን ቢያንስ ይኸው ላክሁት።

ጌጥነሽ

—

አዘዞ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጌጥነሽ፣

እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ።

ያን ጸሐፊ አሥራ ሰባት ዓመት ረገምኩት። ፊቱን አላውቀውም፤ ስሙን አላውቀውም። ግቢው በር ላይ ፋይሌን ታቅፌ ተሰልፌ፣ ዝናብ ሲመታኝ እሱን፣ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ እሱን ስረግም ኖርኩ። «የሱንም እህት ከመዝገብ ይፋቅበት» ብዬ አውቃለሁ። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ጠይቆልኝ ኖሯል። እንዲህ ያለ ኃጢአት ውስጥ ነው ያስገባሽኝ።

አሁን እኔም የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ጎሹ ጥር አሥራ ሁለት ቀን ሞቷል። በማግሥቱ የደወልኩልሽ ለመርዶው ነበር። የግቢውን ወሬ አስቀድሜ የጠየቅሁሽ፣ ሞቱን ከነገርኩሽ በኋላ እንደምታለቅሺና ሌላ ነገር መጠየቅ እንደማልችል ስላወቅሁ ነው። «መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ» አልኩሽ። ስልኩን ዘጋሽው። ከዚያ አምስት ቀን ለቅሶ ተቀምጬ ሰው «እህትሽ ሰማች?» ሲለኝ «መስመር የለም» እል ነበር። እኔም ላንቺ ዋሸሁልሽ።

ጎሹ ክርስቲያን ነው ብለሽ ፈርተሽ ነበር አይደል? ፋይሌ የተመለሰው በሱ ምክንያት መስሎት ማተቡን ከአንገቱ በጥሶ ምድጃ ውስጥ የጣለው በ2004 ነው። ወንድሞቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጡም። ሲሞት መጡ። ሳይገነዝ በፊት አዲስ ማተብ አሰሩለት። እኔ ጥግ ቆሜ አየሁ። ምን ልበላቸው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለሱ ግን ሳይጠራለት ሄደ።

ልጅ አልሰጠንም። አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና የስፌት መኪናዬ ነን።

«ይቅር በዪኝ አልልሽም» ማለትሽ ደኅና ነው። ለኔ የጻፍሽውን እዚያ ለሚመለከተው ሰው በአፍሽ ተናገሪው። ከዚያ በፊት አትጻፊልኝ።

ከኋላ መስኮት የለውም። እንጨቱ እስከ ጣራው ይደርሳል።

ብዙዬ

—

ቂርያት ጋት፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለብዙዬ፣

ነፍሱን ይማረው። ለጎሹ እዚህ ብቻዬን ሦስት ቀን መሬት ተቀመጥኩ። ባለቤቱን የካድሁበት ሰው ሲሞት ምን ተብሎ ይለቀሳል? «አይዞሽ» የሚሉኝን ጎረቤቶች ማየት አቃተኝ፤ ለማን እንደማለቅስ ሲጠይቁኝ ግን «ለእህቴ ባል» አልኳቸው። አብዛኞቹ እህት እንዳለኝ የሰሙት ያን ቀን ነው።

ቃሌን ሰጥቻለሁ። ለመሄድ የዘገየሁት በሲቫን ነው። «እማ፣ አሁን ዋሽቼ ነበር ብትዪ የኔስ ወረቀት ምን ይሆናል?» አለችኝ። በሕይወቷ እንዲህ ስትጮህብኝ ሰምቼ አላውቅም። «አንቺ እህት ቢኖርሽ ይገባሽ ነበር» አልኳት። «አክስት እንዳለችኝስ መች ነገርሽኝ? የአዘዞዋ ብዙዬ የጎረቤት ሰው ናት ነበር ያልሽኝ» አለችኝ። ይኸንንም ብዬ ኖሯል ብዙዬ። ረስቼዋለሁ፣ ልጄ ግን አልረሳችውም።

በባቡር ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አንዲት ሴት አስቀመጠችኝ። «ያኔ ለምን ደበቅሽ?» አለችኝ። «ፈራሁ» አልኩ። «አሁንስ?» «አሁንም ፈርቻለሁ» አልኩ። ረጅም ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰጠውን፣ እናቱን፣ ሁሉንም። አልጠየቀችኝም። አሥራ ሰባቱን ዓመት በሁለት መስመር ጽፋ አስፈረመችኝ። ይመረመራል፤ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል አለችኝ። እኔ ላይ የሚመጣ ነገር ካለም በደብዳቤ ያስታውቁኛል። ስወጣ ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ይህን ያህል አጭር ነገር ነው እንዴ አሥራ ሰባት ዓመት ያቃተኝ እያልኩ ባቡሩ አመለጠኝ።

ላንቺ ከላክሁት ሌላ አሥራ አንዱን ቤት ጨርሻለሁ። በልቤ ከኋላ ቆሜ ሣልኩት፤ እንጨቱ እስከ ጣራው፣ መስኮት የለም፤ ጨርቁ ላይ የሚወጣው ግን የፊቱ በር ነው። እዚያ በልቤ ከቆምኩ በኋላ ማድ ቤቱም ዋንዛውም ቦታቸው ገቡ። ጨርቁንም አትርፌ ነው የቆረጥኩት። ሜይታል «አሁን ገባሽ» አለችኝ። ያስተማረችኝ እህቴ ናት፤ በደብዳቤ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታየው አልኳት። አላመነችኝም።

አሥራ ሁለተኛውን አልሰፋሁትም። ቦታው በግራ በኩል ታች ጥጉ ላይ ባዶ ነው። ከፈቀድሽ አንቺ ስፊው። ጨርቁንና ወረቀቱን በአቶ ይኄይስ ልኬአለሁ። ወረቀቱን ፊቱንም ኋላውንም አይቼዋለሁ፤ ምንም የለበትም። ካልፈቀድሽም ባዶውን እተወዋለሁ።

እህትሽ ጌጥነሽ

—

ቂርያት ጋት፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለብዙዬ፣

አቶ ይኄይስ ትናንት መጡ። ጥቅሉን ሰጡኝ። «ደብዳቤስ?» አልኳቸው። «ይህችን ብቻ ነው የሰጠችኝ» አሉኝ። ሻይ ላፍላልዎ ማለት እንኳ ረስቼ በሩ ላይ አቆምኳቸው።

ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኛሁት። ወረቀቱን አልቀደድሽውም። የቤቱን ፊት ከማየቴ በፊት ወረቀቱን ያዝኩ፤ እኔ ሳላስበው እንደላክሁብሽ፣ አንቺ አስበሽ የጻፍሽልኝ ነገር ይኖራል ብዬ። እርግማንም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስፌቱን በአውራ ጣቴ ይዤ አንድ በአንድ አላቀቅሁት። ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ ማድ ቤቱን። እያንዳንዷን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁ። በግራ እጅሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብለው የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፤ ከአንድ እስከ ሃያ ስድስት። ሌላ ምንም የለም። ባዶ ነው።

አለቀስኩ። ከዚያ ገለበጥኩት።

ማድ ቤቱ በዋንዛው በኩል፣ ዋንዛው በማድ ቤቱ በኩል ነው። «ብዙዬም ተሳሳተች!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እንባዬ ሳይደርቅ እየሳቅሁ በሩን ፈለግሁ። በሩ የለም። እንጨቱ ነው ያለው፤ እስከ ጣራው ተከምሮ፣ እያንዳንዱ ፍልጥ ለየብቻው ተቆርጦ። አልተሳሳትሽም። ቤቱን ከኋላ ነው የሰፋሽው። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ በሩን ስሰፋ፣ አንቺ የቆምሽበትን ቦታ ነው የላክሽልኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ባዶው ቦታ ላይ አስገባሁት። ልክ ነው፤ አንድ ክር አልጎደለም፣ አልተረፈም። ሜይታል አይታ «ይቺኛዋ ተገልብጣለች፣ በሯም ተረስቷል፤ ፍቺና አስተካክያት» አለችኝ። ትክክለኛዋ እሷ ናት አልኳት።

ከቢሮው እስካሁን ምንም አልመጣም። ላይመጣም ይችላል፤ ከዚህ ወዲያ ተስፋ አድርጊ ብዬ አልዋሽሽም። እኔ ግን ቲኬት ቆርጫለሁ። ከዘመን መለወጫው በኋላ፣ መስከረም ስድስት ጎንደር እገባለሁ፤ መንገዱ ከፈቀደ። በፊት ለፊቱ በር አልመጣም። በኋላ በኩል ዞሬ እንጨቱ ዘንድ ቆሜ እጠራሻለሁ። ብትወጪ ትወጫለሽ፤ ባትወጪም የመጣሁበትን ቦታ አውቀዋለሁና እቆማለሁ።

ድሪቶውን ይዤልሽ እመጣለሁ። ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ለካሁት። አንድ ሌሊት አብሬሽ እንድተኛ ከፈቀድሽልኝ፣ ጫፉን ወደ ራሴ አልስበውም።

እህትሽ ጌጥነሽ